ቦምቡ የተጠነሰሰበት ቦታ ፓርክ ይባል እንዴ? (የ33 መልስ ክር፣ ከላይ እስከ ታች)

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው የከፈትኩት ክር ሳላስበው 33 መልስ ደረሰ፣ መሀል ላይ ሰው ተቀያየመ፣ አድሚንም ሁለቴ ገባ፣ አዲስ የሚመጡት ደግሞ ከላይ ጀምሮ ማንበቡ እየከበዳቸው ምን ተባለ እያሉ በውስጥ መስመር ይጠይቁኛል። ስለዚህ የሰዎቹን ጽሁፍ ሳልገለብጥ ማን ምን እንዳለ በራሴ አፍ ልንገራችሁ። አመተ ምህረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

መነሻ (የኔ ፖስት)

እኔ ትራክ ነጂ ነኝ፣ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የዛሬ ሶስት አመት ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ፓስኮ የምትባል ከተማ ሎድ አራግፌ የመንጃ ሰአቴ አለቀና የ34 ሰአት ሪሴት (ሳይነዱ የሚያርፉት እረፍት) ያዝኩ። ትራክ ስቶፕ ውስጥ ተጋድሜ መዋል ሰለቸኝ፣ እዛው አጠገብ ሪችላንድ ከምትባለው ከተማ በአውቶቡስ ሀንፎርድ የሚባል ቦታ በነጻ ያስጎበኛሉ ሲሉኝ ተመዝግቤ ሄድኩ።

አውቶቡሱ ባዶ ሜዳ ለባዶ ሜዳ ነው የሚሄደው፣ ዛፍ የለ ቤት የለ፣ ደረቅ ቁጥቋጦና አጥር ብቻ፣ ከዛ ኮሎምቢያ ወንዝ ዳር ስትደርሱ አንድ ግራጫ የሲሚንቶ ሕንጻ ብቻውን ቆሟል። ቢ ሪአክተር ይባላል። ፕሉቶኒየም የሚባለውን የአቶም ቦምብ ማዕድን በብዛት ለማምረት በአለም ላይ መጀመሪያ የተሰራው ሪአክተር (ዩራኒየም ውስጥ አተም የሚሰነጠቅበት ማሽን) እሱ ነው። ውስጥ ገብታችሁ አንድ በር ስታልፉ ድንገት ከፊታችሁ ግንብ የመሰለ ነገር ይገጥማችኋል፣ ቁመቱም ጎኑም ወደ 11 ሜትር፣ ከላይ እስከ ታች የቱቦ አፍ ብቻ፣ የማር እንጀራ ነው የሚመስለው። 2,004 ቱቦ። አብሮን የገባው ሰው ሁሉ ሲያወራ ቆይቶ እዛ ጋ ዝም አለ። ከዛ መቆጣጠሪያ ክፍሉ፣ ግድግዳው ላይ ለእያንዳንዱ ቱቦ አንድ የግፊት ጌጅ ተደርድሯል፣ 2,004 ትናንሽ ጌጆች ማለት ነው፣ በአንዷ ቱቦ እንኳ የውሃው ግፊት ከልክ ቢወጣ ሪአክተሩ በራሱ ይዘጋል። ከጌጆቹ ፊት አንድ ወንበር አለ። ነገሩ የገባኝ ወንበሩን ሳይ ነው። እንደኔው እንጀራ ፍለጋ የመጣ ሰው እዛ ቁጭ ብሎ ቀስቷን እያየ አድሯል፣ አብዛኛው ሰራተኛ ምን እየሰራ እንደሆነ እንኳ አልተነገረውም።

ግንባታው ኦክቶበር 1943 ተጀምሮ ሴፕቴምበር 26፣ 1944 ተለኮሰ፣ አንድ አመት አልሞላም። ናጋሳኪ ላይ የወደቀው ቦምብ እዚህ ሕንጻ ውስጥ ነው የተሰራው ብዬም ጽፌ ነበር (ስህተት ነው፣ 3ኛው መልስ ላይ ታርሜያለሁ)። 1968 ላይ ተዘጋ። እንደሌሎቹ ሪአክተሮች ተቆራርጦ ሊታሸግ ሲል የድሮ ሰራተኞችና የአካባቢው ሰዎች ማህበር አቋቁመው ሲሟገቱለት ኖሩ፣ በ2008 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተባለ፣ ኖቬምበር 10፣ 2015 ደግሞ ኒው ሜክሲኮ ካለው ሎስ አላሞስና ቴነሲ ካለው ኦክ ሪጅ ጋር አንድ ላይ የማንሃታን ፕሮጀክት ብሔራዊ የታሪክ ፓርክ ሆነ። ማንሃታን ፕሮጀክት ማለት አሜሪካ በሁለተኛው የአለም ጦርነት ጊዜ የአቶም ቦምቡን በሚስጥር የሰራችበት ስራ ነው።

ጥያቄዬ፣ የዚህን ያህል ሰው የፈጀ ነገር የተሰራበት ቦታ ፓርክ ተብሎ መጠበቁ ልክ ነው ወይ? የኔ አቋም ልክ ነው፣ ግን ከነጉዱ ይጠበቅ የሚል ነበር።

መልሶቹ

1ኛ፦ ከዲሲ አካባቢ የምትጽፍ እህታችን ከምስጋና ጋር ጀመረች። መጀመሪያ ርእሱን ስታይ ግራ እንደገባት፣ በኛ አማርኛ ፓርክ ሲባል ዋልያና ጭላዳ፣ ሲያንስም ልጆች የሚጫወቱበት ሳር እንደሚታሰባት ጻፈች። የጦር መሳሪያ ፋብሪካና ፓርክ እንዴት አንድ ላይ እንደሚሄድ ጠየቀች።

2ኛ፦ አትላንታ የሚኖር ወንድም በትህትና መለሰላት። የአሜሪካ የፓርክ አገልግሎት የሚይዘው ተራራና ጎሽ ብቻ ሳይሆን የጦር ሜዳም የሰው ቤትም ነው፣ እሱ ሰፈር አጠገብ ማርቲን ሉተር ኪንግ የተወለደበት ቤት ራሱ ብሔራዊ የታሪክ ፓርክ ነው። ቀጥሎ ያመጣው ምሳሌ ግን ክሩን እስከ መጨረሻው የተከተለ ነው፦ ካሊፎርኒያ ውስጥ ማንዛናር የሚባለው፣ በጦርነቱ ጊዜ የጃፓን ዘር ያላቸው አሜሪካውያን በጅምላ የታሰሩበት ካምፕ፣ ከ1992 ጀምሮ በዚሁ በፓርክ አገልግሎት ተጠብቆ ይገኛል። ስለዚህ ፓርክ መባል መሸለም ማለት አይደለም ነው ሀሳቡ።

3ኛ፦ ኑክሌር ባይሆንም ኬሚካል ኢንጂነሪንግ የተማረ ወንድም እኔን አረመኝ፣ በጣም በጨዋ አነጋገር። ሀንፎርድ የወጣው ፕሉቶኒየሙ ነው፣ እሱም ከሪአክተሩ የወጣው ዩራኒየም ሌላ ሕንጻ ተወስዶ በአሲድ ሟሙቶ ከተለየ በኋላ። የቦምቡ ንድፍ ሎስ አላሞስ ነው። ኦገስት 6 ሂሮሺማ ላይ የወደቀው ደግሞ ጭራሽ ሌላ ዓይነት ነው፣ የዩራኒየም፣ ዩራኒየሙም የተጣራው ኦክ ሪጅ። የሀንፎርዱ ፕሉቶኒየም የገባው ጁላይ 16፣ 1945 ኒው ሜክሲኮ በረሃ ላይ በተሞከረው (ትሪኒቲ ይባላል) እና ኦገስት 9 ናጋሳኪ ላይ በወደቀው ነው። ልክ ነው፣ ተቀብያለሁ። ሶስቱም ቦታ አንድ ፓርክ የሆነው አንዱ ብቻውን ታሪኩን ስለማይሞላው መሆኑንም ያኔ ነው የተረዳሁት።

4ኛ፦ ይሄም የኢንጂነሩ ነው፣ ከክሩ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት እሱን ነው። ሪአክተሩ እንደተለኮሰ ሌሊት ኃይሉ ደህና እየወጣ ነበር፣ ፊዚሲስቱ ኤንሪኮ ፌርሚም እዛው አለ፣ ከጥቂት ሰአት በኋላ ግን ማንም ሳይነካው መድከም ጀመረ፣ ደከመ ደከመና ቀጥ አለ። ውሃ አፍስሶ ይሆናል ተባለ፣ ምኑም አልተገኘም። በማግስቱ ደግሞ ሞቶ የነበረው ራሱ ነፍስ ዘራ፣ ከዛ እንደገና ደከመ። ጆን ዊለር የሚባለው ፊዚሲስት የሚደክምበትንና የሚያገግምበትን ሰአት አመሳክሮ ደረሰበት። አተሙ ሲሰነጠቅ ከሚወጣው ነገር ውስጥ ዜኖን 135 የሚባል ጋዝ ይፈጠራል፣ እሱ ሪአክሽኑን የሚያስኬዱትን ኒውትሮኖች ይውጣቸዋል፣ ግን እድሜው አጭር ነው፣ በ9 ሰአት ገደማ ግማሹ ይጠፋል፣ እሱ ሲቀንስ ሪአክተሩ ይነሳል። መፍትሄው ብዙ ዩራኒየም ጭኖ ጋዙን ማሸነፍ ነው። እና እዚህ ጋ ነው ተአምሩ፦ የሳይንቲስቶቹ ስሌት 1,500 ቱቦ ይበቃል ነበር ያለው፣ ሪአክተሩን የሰራው የዱፖንት ኩባንያ ኢንጂነሮች ግን ለክፉ ቀን ብለው 504 ቱቦ ጨምረውበት ነበር። ያ ባይሆን ሪአክተሩ ፈርሶ እንደ አዲስ መሰራት ነበረበት። ኢንጂነሩ እንደጻፈው ይሄን በወረቀት ተምሮት ያውቃል፣ ግን ግንቡ ጥግ ላይ ያሉትን ተጨማሪ ቱቦዎች በአይን ማየት ሌላ ነገር ነው፣ ፓርኩም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

5ኛ፦ ፊዚክስ የምትማር ልጅ፣ አስተያየቷ አጭር ናት፣ ሊዮና ዉድስን አትርሱ የሚል መንፈስ ያላት። ዲሴምበር 2፣ 1942 ቺካጎ ላይ ፌርሚ የመጀመሪያውን የሰንሰለት ሪአክሽን (አንዱ አተም ሲሰነጠቅ ሌላውን እያሰነጠቀ የሚቀጥልበትን) ሲያስኬድ እዛ የነበረችው ብቸኛዋ ሴት እሷ ናት፣ ቢ ሪአክተር ሲለኮስም 25 አመቷ ነበር፣ እዛም ከፌርሚ ጋር ነበረች፣ ሕንጻው ውስጥ ለሷ ተብሎ ለብቻዋ መታጠቢያ ክፍል ተሰርቶላታል። ልጅቷ ያንን ክፍል ማየት እንደምትፈልግ ጻፈች። እኔ ስሄድ አልጠየቅኩም፣ ቆጨኝ።

6ኛ፦ ቴነሲ ኖክስቪል የሚኖር ወንድም ስለ ኦክ ሪጅ ረጅም ጻፈ። ዋይ 12 በሚባለው ፋብሪካ ዩራኒየም የሚለየው በትላልቅ ማግኔት ነው፣ ለማግኔቱ መጠምጠሚያ መዳብ ያስፈልጋል፣ መዳቡን ግን ጦርነቱ በልቶታል። ምን ተደረገ፣ ከአሜሪካ መንግስት ግምጃ ቤት ከ14,000 ቶን በላይ ንጹህ ብር ተበድረው ጠመጠሙት! ጦርነቱ ካለቀ በኋላ እየተፈታ ተመለሰ፣ የመጨረሻው የተመለሰው 1970 ላይ ነው። ማሽኖቹ ፊት ተቀምጠው ማዞሪያውን ሲያስተካክሉ የነበሩት ደግሞ አብዛኞቹ ገና ሃይስኩል የጨረሱ የአካባቢው ገበሬ ልጆች፣ ሴቶች ናቸው፣ ቀስቷን እዚህ ጋ አቁሚ ከመባል በቀር ምንም አልተነገራቸውም። ከዛ ያሳዘነውን ነገር አመጣ። ኬ 25 የሚባል ሌላ ፋብሪካ ነበር፣ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው፣ በጊዜው በአለም ላይ ካሉ ሕንጻዎች ግዙፉ፣ እሱን 2013 ላይ አፍርሰው ጨረሱት፣ ተበክሏል፣ አርጅቷል፣ ጥገናውም አይቻልም ተብሎ። አሁን አጠገቡ ሙዚየም አለ፣ እሱ ግን ሄዶ ሙዚየሙን አይቶ ወጥቶ ባዶውን መሬት ሲያይ የትልቀቱ ነገር በፎቶ ጭራሽ አልገባው ብሎ ተመለሰ።

7ኛ፦ እዚህ ጋ ነው ነገሩ የተለወጠው። አንድ ሰው በሁለት መስመር መጣ፣ ሰላምታም የለው፣ ህጻናት ያቃጠለ ቦምብ ላይ ቁጭ ብላችሁ የቱቦና የብር ቁጥር ታወራላችሁ፣ ታፍራላችሁ ወይ የሚል ነገር ነው። ከ8 እስከ 10 ያሉት ለሱ የተሰጡ መልሶች ናቸው፣ ሁለቱ ስድብ ስላለባቸው አድሚን አነሳቸው፣ አንዱ ደግሞ የሎስ አላሞሱ ኃላፊ ኦፔንሃይመር ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚል ጭቅጭቅ ከፈተ፣ እሱን አልፈዋለሁ።

11ኛ፦ 7ኛውን ለመደገፍ በእድሜ ትልቅ የሆኑ ጋሼ ገቡ። አማርኛቸው የድሮ ነው፣ ቀስ ብለው ነው የጻፉት። አባታቸው በማይጨው ጦርነት ጊዜ ከሰማይ እንደ ጉም ሲረጭባቸው አይተዋል፣ የመርዝ ጋዝ፣ እግራቸው ላይ የቀረው ጠባሳ እስኪሞቱ ድረስ ያሳክካቸው ነበር። ጋሼ የሚሉት፣ ያን መርዝ የቀመመው ኬሚስትም በጊዜው ሳይንቲስት ነው የተባለው፣ ጣሊያን ተነስቶ ጋዙ የተሰራበትን ፋብሪካ የሳይንስ ቅርስ ብሎ ቢያስጎበኝ እኛ ምን ይሰማናል? የናጋሳኪ ሰው የሚሰማውም ያው ነው።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ይሄን ሳነብ ትራኩን ዳር አቁሜ ነበር፣ የምመልሰው አጣሁ። እስከ ማታ አልጻፍኩም።

12ኛ፦ የአትላንታው ወንድም ጋሼን በአክብሮት መለሰላቸው። የሳቸው ጥያቄ በአሜሪካ ምክር ቤትም የተነሳ መሆኑን፣ 2012 ላይ ፓርኩን የሚያቋቁመው ሕግ ሲቀርብ ዴኒስ ኩሲኒች የሚባሉት የኦሃዮ ተወካይ በዚሁ ምክንያት እንደተቃወሙ፣ 237 ለ 180 ድምጽ አግኝቶ ሁለት ሶስተኛ ስላልሞላ እንደወደቀ፣ በኋላ ዲሴምበር 2014 ከመከላከያ በጀት ሕግ ጋር ተያይዞ እንዳለፈ ጻፈ። የሂሮሺማና የናጋሳኪ ከንቲባዎችም ስጋታቸውን አሳውቀዋል። እሱ ግን መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም አስታወሳቸው። እዛ አጽምና የሟች ፎቶ የተቀመጠው ገዳዩን ለማክበር አይደለም። ልዩነቱ ማን ነው የሚያወራው ነው።

13ኛ፦ ጋሼ ተመልሰው መጡ፣ ልዩነቱ እሱ ብቻ አይደለም ነው ያሉት። የቀይ ሽብሩ ሙዚየም የተሰራው በሟች ቤተሰብ እጅ ነው። የአሜሪካው ፓርክ ግን የተያዘው ራሱ ቦምቡን በሰራው መንግስት እጅ ነው። እና እኔ እንጃ፣ እዚህ ላይ ጋሼ ልክ ናቸው ብዬ ነው የማስበው፣ ከክሩ ሁሉ ያልተመለሰችው ነጥብ ይቺ ናት። ኢንጂነሩ በ14ኛው አንድ ነገር ጨመረ፣ ሕንጻዎቹ አሁንም የአሜሪካ ኢነርጂ መስሪያ ቤት ንብረት ናቸው፣ የፓርክ አገልግሎቱ ታሪኩን የመተረክ ስራ ነው ያለው፣ በ2015 የተፈራረሙትም በዚህ ነው። ማለትም ታሪኩን የሚተርከውና ቁልፉን የያዘው ሁለት የተለያየ መስሪያ ቤት ነው። የጋሼን ጥያቄ ግን አይፈታውም።

15ኛ፦ ብራስልስ የሚኖር ወንድም ገባና እኔ ጨርሶ ያላሰብኩትን አመጣ። ዩራኒየሙ ከየት መጣ? ብዙው ከኮንጎ ነው፣ ካታንጋ ውስጥ ሺንኮሎብዌ ከሚባል ማዕድን፣ ያኔ በቤልጂግ ኩባንያ እጅ ከነበረው፣ ድንጋዩ በአለም ላይ አቻ የሌለው ሀብታም ነበር። የኩባንያው ኃላፊ ኤድጋር ሰንጂየ ጦርነቱን ሸሽቶ ከ1,000 ቶን በላይ አስቀድሞ ኒውዮርክ ስታተን አይላንድ አስቀምጦት ነበር፣ አሜሪካኖቹ ፍለጋ ሲወጡ ደጃቸው ላይ ነው ያገኙት። ድንጋዩን በእጃቸው የቆፈሩት ኮንጎዎች ናቸው። ፓርኩ ሶስት ቦታ ነው ሲባል የሱ ጥያቄ አራተኛው የት አለ ነው። ቱቦውና ጌጁ ይጠበቃል፣ የቆፋሪው ሰፈር ግን ለማንም አይጠበቅም።

ለዚህ መልስ ብዙ ሰው ልብ ሰጠ።

16ኛ፦ በዚህ መሀል አንዱ ተነስቶ የፈረንጅ ቦምብ የፈረንጅ ፓርክ እኛ ምን አገባን፣ ሀገራችን ስንት ነገር እያለ ብሎ ተቆጣ። 17ኛው የባሰውን ተቆጣበት፣ እዚህ ሀገር ታክስ የሚከፍል ሰው፣ ልጁን እዚህ ትምህርት ቤት የሚልክ ሰው አያገባኝም ሊል አይችልም ነው ያለው። 18ኛዋ ከሁለቱ የበለጠ ጠቀመች።

18ኛ፦ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ የምትሰራ ነርስ ናት። የሚያገባንን ልንገራችሁ አለችና ዘረዘረች። ዲሴምበር 1949 ሀንፎርድ ላይ ሆን ተብሎ አዮዲን 131 የሚባል ጨረራማ ነገር ያለበት ጭስ ለሙከራ ወደ አየር ተለቋል፣ ግሪን ረን ይባላል፣ ለሕዝቡ የተነገረው 1980ዎቹ ውስጥ ሰነዱ ሲወጣ ነው። ከሱ በፊትም በጦርነቱ አመታት ብዙ ወጥቷል። አዮዲኑ ሳሩ ላይ ያርፋል፣ ላሟ ትግጠዋለች፣ ወተቱን ልጁ ይጠጣዋል፣ አንገቱ ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ ላይ ይከማቻል። ንፋሱ በሚሄድበት አቅጣጫ የኖሩት ሰዎች ዳውንዊንደርስ ይባላሉ። ኒው ሜክሲኮም እንደዛው፣ የትሪኒቲው ሙከራ አመድ የወረደባቸው ሰዎች 1990 ላይ የወጣው የካሳ ሕግ ትቷቸው ነበር፣ የተካተቱት 2025 ላይ ነው፣ ከፍንዳታው 80 አመት በኋላ። አንድ ሌላም ነገር አለች፣ ኤብ ኬድ የሚባል ጥቁር የሲሚንቶ ሰራተኛ ኦክ ሪጅ ላይ መኪና አደጋ ደርሶበት ተኝቶ ሳለ ኤፕሪል 1945 ሳይጠየቅ ፕሉቶኒየም በመርፌ ወግተውታል። እህታችን የምትፈልገው ፓርኩ ውስጥ የሚነገረው የፌርሚ ስም ብቻ ሳይሆን የኤብ ኬድም ስም እንዲሆን ነው።

19ኛ እና 20ኛ፦ ስለ ጽዳቱ ገንዘብ። ሀንፎርድ ላይ መሬት ውስጥ በተቀበሩ 177 ታንኮች ውስጥ ከ200 ሚሊዮን ሊትር በላይ ጨረራማ ቆሻሻ አለ፣ ጽዳቱ ከ1989 ጀምሮ ነው። አንደኛው ገንዘቡ መጀመሪያ ለጽዳት እንጂ ለጉብኝት መዋል የለበትም ሲል ሌላው ሕንጻውን አፍርሶ መቅበርም እኮ በነጻ አይደለም ብሎ ሞገተው። እዚህ ላይ ኢንጂነሩ ሌሎቹ ሪአክተሮች እንዴት እንደታሸጉ አስረዳ፣ ዙሪያቸውን አፍርሰው መሀሉን በብረት ጣሪያና ግድግዳ ጠቅልለው ጨረሩ እስኪደክም ለአስርት አመታት ይተዉታል፣ የሐር ትል ራሱን እንደሚጠቀልለው።

21ኛ፦ ይሄ የኔ ነው። ከዝምታዬ ስመለስ የጻፍኩት። አውቶቡሱ ሜዳው መሀል ሲያልፍ አንድ የፈረሰ ትምህርት ቤት ያሳያሉ፣ ግድግዳው ብቻ የቀረ። የሀንፎርድ ሃይስኩል ነው። 1943 ላይ ሀንፎርድና ዋይት ብላፍስ የሚባሉ የፍራፍሬ ገበሬ ከተሞች ነዋሪዎች ደብዳቤ ደረሳቸው፣ ለአንዳንዱ 30 ቀን ነው የተሰጠው፣ ለምን እንደሆነ ሳይነገራቸው ተነሱ። እኛ የልማት ተነሺ የምንለው ነው። የዋይት ብላፍስ መቃብር ሳይቀር ተቆፍሮ አጽሙ ፕሮሰር ወደምትባል ከተማ ተወሰደ። ከነሱም በፊት ዋናፑም የሚባሉት የወንዙ ባለቤት ሕዝቦች ነበሩ፣ በየአመቱ አሳ ያጠምዱበት ከነበረው ቦታ ተከለከሉ። እና ግንባታው ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁር ሰራተኞች ከደቡብ መጥተው ሰርተዋል፣ ካምፑ ውስጥ መኝታቸው ለብቻ ነበር፣ ከካምፑ ውጪ ደግሞ ኬነዊክ የምትባለው ከተማ ጥቁር እንዲያድርባት አትፈቅድም፣ ቤት ማግኘት የሚችሉት በአብዛኛው ከባቡር ሀዲዱ ማዶ ፓስኮ ምስራቅ ሰፈር ብቻ ነው። እኔ ሪሴት የያዝኩባት ፓስኮ ማለት ናት። ትራክ ስቶፑ ውስጥ ሆኜ ይሄን አላውቅም ነበር፣ ያወቅኩት ጉብኝቱን ከጨረስኩ በኋላ እየጠየቅኩ ነው። ሕንጻው ፈርሶ ቢሆን አልሄድም፣ ባልሄድ አልጠይቅም ነበር።

ከ22 እስከ 26፦ ክሩ ወደ ሀገር ቤት ሄደ። አንዱ ድንቅነሽ 1974 ላይ የተገኘችበትን ሀዳርን አነሳ፣ አጥንቷን ሁሉም ያውቃል፣ ቦታውን ማን ያውቃል ብሎ። ሌላው የታችኛው አዋሽ ሸለቆ ከ1980 ጀምሮ ዩኔስኮ ላይ መመዝገቡን፣ መልካ ቁንጥሬና ባልጭትም 2024 ላይ መጨመራቸውን አስታወሰው። 16ኛው ቁጡ ወንድም ይሄኔ ደስ ብሎት ተመለሰና መልካ ቁንጥሬ ከአዲስ አበባ በመኪና ደርሶ መልስ የሚያልቅ ቦታ እያለ ስንቶቻችሁ ሄዳችኋል ብሎ ጠየቀ። እኔ አልሄድኩም፣ አመንኩለት። ከዛ መንገድ፣ ሆቴል፣ የጉብኝት ክፍያ እየተባለ ሲረዝም አድሚን ሌላ ክር ክፈቱበት አለ።

27ኛ፦ ኖክስቪል ያለው ወንድም ለመሄድ ለምታስቡ ጠቃሚ ነገር ጻፈ። ቢ ሪአክተርን የማንኛውም ሀገር ዜጋ መጎብኘት ይችላል፣ የኦክ ሪጅ የአውቶቡስ ጉብኝት ግን ሲትዝን መሆን ይጠይቃል፣ ግሪን ካርድ አይበቃም፣ እሱ ራሱ ሲትዝን እስኪሆን ጠብቋል። ሎስ አላሞስም ከላብራቶሪው አጥር ውስጥ ያሉትን ቤቶች ማየት እንደዛው ነው፣ ከተማው ውስጥ ያሉትን ግን ማንም ያያል። የመጀመሪያው ፍንዳታ የደረሰበት የትሪኒቲ ቦታ የፓርኩ አካል አይደለም፣ የጦር ሰራዊቱ ነው፣ በአመት አንድ ወይ ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚከፈተው። ከመሄዳችሁ በፊት ቦታው እድሳት ላይ መሆን አለመሆኑን አጣሩ።

28፣ 29፣ 30፦ የትራክ ሰዎች፣ ፓስኮ ማቆሚያ የት ይገኛል፣ ሪሴት ሲያዝ ታክሲ ስንት ነው ምናምን። መልሼላቸዋለሁ።

31ኛ፦ 7ኛው ሰው ተመለሰ። በዚህኛው ሰላምታ አለው። ስለ ድምጹ ይቅርታ ጠየቀ፣ ስለ ሀሳቡ ግን አይደለም። በ1945 መጨረሻ ሂሮሺማ ላይ 140,000 ገደማ፣ ናጋሳኪ ላይ 74,000 ገደማ ሰው ሞቷል፣ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ 2,004 ጌጅ ሲቆጠር ይሄም ቁጥር እዛው ክፍል ውስጥ፣ ወንበሩ ፊት፣ መነገር አለበት፣ ካልሆነ እሱ ፓርክ አይለውም ብሎ ጻፈ። እስማማለሁ። ክፍሉ ውስጥ ቆሜ ሳለ በአእምሮዬ የነበረው የማሽኑ ብልሃት ነው፣ ሰዎቹ የመጡብኝ አውቶቡሱ ውስጥ ስመለስ ነው፣ ይሄ ቅደም ተከተል አሁንም ይረብሸኛል።

32ኛ፦ ጋሼ ናቸው፣ አንድ አረፍተ ነገር ብቻ። የዋይት ብላፍስ ሙታን ስማቸው ፕሮሰር ላይ ተጽፎ እንደሆነ ያየ ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁ።

33ኛ፦ የኔ ነው። አላየሁም ጋሼ። ፕሮሰር ከፓስኮ ሩቅ አይደለም፣ በሀይዌዩ ስንት ጊዜ አልፌያታለሁ። በሚቀጥለው ሎድ ወደዛ ከላኩኝ ሪሴቴን እዛ አደርጋለሁ፣ መቃብሩ ጋ ሄጄ ስሞቹን አንብቤ ፎቶውን እዚሁ ክር ላይ አስቀምጥልዎታለሁ።